የከረመ ጧፍ

ወር በገባ ቁጥር፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ጤቤ እጇን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ በንጹሕ ጨርቅ ካደረቀች በኋላ አልጋዋ ሥር ያለውን የጥድ ሳጥን ጎትታ ታወጣለች። ይህን ስታደርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሠላሳ ጧፍ ነው። ጧፉ የእሷ አይደለም፤ ጎባ ውስጥ ያሉ ሃያ አራት ሴቶች በየወሩ የሚሰበሰቡባት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው። የእሷ ሥራ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ጧፉ የሚሠራው በግንቦት መጨረሻ፣ የሃረና ጫካ ሰም ገበያ ሲወጣ ነው። የሚበራው ግን የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቀን ነው። በመካከል ያለውን ክረምትና በጋ በሰው ቤት ተኝቶ ያሳልፋል። ሳይከርም የበራ ጧፍ ቶሎ ያልቃል፣ እጅ ላይም ይንጠባጠባል ይላሉ ሴቶቹ። የከረመው ይጠነክራል፤ የጎባ ብርድ ሲያገኘውም ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ስስ ነጭ ነገር ያወጣል። የማያውቅ ሰው ሻግቷል ብሎ ይጠርገው ይሆናል። ሴቶቹ ግን «አመዳይ» ነው የሚሉት፣ ጠዋት ጠዋት ጎመኑ ላይ እንደሚያድረው አመዳይ። በበዓሉ ዋዜማ የማኅበሩ ሰብሳቢ ሳጥኑን ከፍተው አንድ ጧፍ ያነሡና በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ያብሱታል። ነጩ ጣታቸው ላይ ከቀረ፣ «ከርሟል» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ጤቤ ይህችን ቃል አሥራ ስምንት ጊዜ ሰምታለች።

ሳጥኑ ወደ እሷ የመጣው ከወለተ ማርያም ቤት ነበር። ወለተ ማርያም ቤት አይጥ ገብቶ ጧፉን እስከ ፈትሉ በልቶት ተገኘ። በማኅበሩ ደንብ ጧፍ የተበላሸበት ሰው አይወቀስም፣ አይቀጣም፤ ሳጥኑ ግን ቤት ይቀይራል። ዕጣ ሲወጣ ለጤቤ ደረሰ። ወለተ ማርያም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። አንድ ነገር መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ «ሳጥኑ ከቤቴ ሳይወጣ ነው» ወይም «ከወጣ በኋላ ነው» ትል ነበር። ጤቤ ይህን በሰማች ቁጥር ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች።

ጤቤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ጉተማ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ማኅበሩ ላይ ሌሎቹ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ፣ እሷ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከተጠየቀች «እሺ» ትላለች። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሴቶች ግን ሰላምታውን ጨርሰው ሳይሄዱ፣ «ጧፉስ፣ እንዴት ነው?» ይሏታል። «ደኅና ነው» ትላለች። ያቺ ጥያቄ ለእሷ ብቻ የምትቀርብ ጥያቄ ነበረች። ከከተማው ሴቶች መካከል ስለ ጧፍ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም።

አቀማመጡን ማንም አላስተማራትም፤ ከዓመት ዓመት እያየች ነው ያወቀችው። ጧፍ ተጋድሞ እንጂ ቆሞ አይቀመጥም፤ ከቆመ ይጎብጣል። በጎማ አይታሰርም፤ ጎማ ሰሙን ይበላዋል። በአምስት በአምስት አድርጋ በለሰለሰ የጥጥ ክር ላላ አድርጋ ታስራለች። በፌስታል አትጠቀልልም፤ ፌስታል ያልበዋል። በየረድፉ መካከል ያለ ሳሙና የታጠበ አሮጌ አቡጀዲ ታነጥፋለች። ሰም ሽታ ስለሚወስድ ሽንኩርት፣ ላምባ፣ ቅቤ ያለበት ክፍል አታስገባውም። ከምድጃ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ አታስጠጋውም። በወሩ መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ወደ ታች፣ ከታች ያሉትን ወደ ላይ ታዞራለች፤ ሁሉም እኩል ብርድ እንዲያገኘው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አሮጌው የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የተወጠረበት፣ ሁልጊዜ የሚበርድ ቤት ነው።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በፊት፣ ሮቤ ቢሮ የሚሠራው ልጇ ደራራ ግቢው ውስጥ በብሎኬት ያሠራው አዲስ ክፍል አለቀ። ቆርቆሮ ለብሷል፣ ውስጡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ኮርኒሱ ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት ተትቷል። ደራራ በአንድ ቅዳሜ የእናቱን ዕቃ ሁሉ ወደ አዲሱ ክፍል አዛወረ። የጥድ ሳጥኑን ተሸክሞ ገባና ከቆርቆሮው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የተመታው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።

«ሀርሜ፣ ከእንግዲህ ጎንበስ ብለሽ አልጋ ሥር አትገቢም» አላት። ሀርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ ደራራ እናቱን በዚህ ነው የሚጠራት። «ወገብሽን አትርፊው።»

«እዚያ ላይ አይሞቀውም?»

«ጎባ ውስጥ? እኛ ራሳችን መቼ ሞቀን?»

ጤቤ ሳቀች። እሷም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምታስበው። ወደ ቆላው፣ ወደ ብድሬ የተዳረችው ታናሽ እህቷ ሻማ የምታስቀምጠው በውኃ እንስራ ጥግ ነው፤ ጤቤ ይህን እንደ ቆላ ሰው ጭንቀት ነበር የምትቆጥረው። ጎባ ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ላዩ ይረጋል። እንዲህ ባለ አገር ሰም ይለሰልሳል ብሎ የሚፈራ ሰው የለም።

የካቲት አንድ ቀን ጠዋት እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ በርጩማ ላይ ቆማ ሳጥኑን አወረደች። ክዳኑን ስትከፍት የማር ሽታ ከወትሮው በላይ ጠነከረባት። የላይኛውን አቡጀዲ ሳብ አደረገችው፤ አልመጣም። ቀስ ብላ ስትልጠው ከሥሩ ያሉት ጧፎች አብረው ተነሡ። አንዱ ከሌላው ተጣብቋል፣ መሐላቸው ጎብጧል፤ አመዳዩ ጠፍቶ ሁሉም ገና ትናንት እንደተሠራ ቢጫ ሆነው ያብረቀርቃሉ።

ክዳኑን መልሳ ከደነችው። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች፤ እጇን ሰድዳ ነካችው፤ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው። ሳጥኑን አልጋው ላይ ትታ ወደ ጓሮ ሥራዋ ሄደች። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ በርጩማው ላይ ወጣችና መዳፏን መደርደሪያውና ቆርቆሮው መካከል ዘረጋችው። ማቆየት አልቻለችም።

በማግስቱ ከጧፎቹ አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ገበያ ወረደች። ጁሀራ ከሃረና የሚመጣ ማርና ሰም ትሸጣለች፤ የማኅበሩን ሰም በየዓመቱ ጤቤ የምትገዛው ከእሷ ነው። ከመደቧ ሳትነሣ አየቻት።

«አከም ቡልቴ፣ ጤቤ?» አለቻት፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ። አንቺስ?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ምን ደብቀሻል እዚያ ውስጥ? ጫት ጀመርሽ እንዴ?»

ጤቤ ጧፉን ገልጣ አሳየቻት። ጁሀራ ተቀብላ አሸተተችው፣ በጥፍሯ ጫን አደረገችው።

«ሰሙ ደኅና ነው። የኔ ሰም መሆኑን አውቀዋለሁ። ማነው የጠበሰው?»

«ቆርቆሮው።»

«ጎባ ላይ?» ጁሀራ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ያዘችው። «ወላሂ ሃረና ወርጄ ብናገር ማንም አያምነኝም።»

ጤቤ አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጁሀራ ይህን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ። ሕፃን በምታጥቢበት ውኃ ውስጥ ንከሪያቸው፤ ከዚያ በላይ እንዳይሞቅ። ለስለስ ሲሉ ጣውላ ላይ አንከባልያቸው፤ ይቃናሉ።»

«አመዳዩስ?»

«አመዳዩን የሚያወጣው ብርድ ነው። ወደ አሮጌው ቤትሽ መልሻቸው። በዓላችሁ መቼ ነው?»

«ዐሥራ አራት ቀን አለው።»

«ትንሽ ትንሽ ያወጣል። የክረምቱን ግን በዐሥራ አራት ቀን አታመጪውም።» ጧፉን መልሳ ሰጠቻት። «ትንሽ ካለ ደግሞ ይበቃል። ሰብሳቢያችሁ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው እንደሆነ ደክሟል። ማን ያያል? አብሽሪ።»

ጤቤ ሦስት ቀን ሠራች። ውኃውን በክርኗ እየለካች፣ ጧፎቹን ሦስት ሦስት እየነከረች፣ በጣውላ ላይ በመዳፏ እያንከባለለች አቃናቻቸው። የማጠቢያ ክፍል ሰው ስለሆነች የውኃ ሙቀት አያሳስታትም። አራቱ ሰማቸው ከአቡጀዲው ጋር ስለተላጠ ፈትላቸው ገጥጦ ቀረ፤ እነሱን ለብቻ አደረገች። ሃያ ስድስቱ ተቃኑ። ማኅበርተኞቹ ሃያ አራት ናቸው፤ ቁጥሩ ይበቃል። አሮጌው ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማታገኘው ግድግዳ ሥር፣ ጣውላ ላይ ደርድራ በስስ አቡጀዲ ሸፈነቻቸው።

ከዚያ በኋላ የወሩን መጀመሪያ አልጠበቀችም፤ በየጠዋቱ ትገባ ነበር። ሳምንት እስኪያልፍ ምንም አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱ ላይ፣ ሰው መስተዋት ላይ ተንፍሶ እንደሚተወው ያለ ጭጋግ አየች። እስከ በዓሉ ዋዜማ ሰባቱ ላይ ወጣ። አሥራ ዘጠኙ ግን ያብረቀርቁ ነበር።

ደራራ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አሮጌው ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብላ አገኛት።

«ምን ሆነሽ ነው? አዲሱን ክፍል ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም። ደረቅ ነው፣ ለወገቤ ጥሩ ነው።»

የሆነውን አልነገረችውም። ሳጥኑን የሰቀለው እሱ ስለሆነ ቢነግሩት የሚያዝን ልጅ ነው።

በዐሥራ አምስት ጠዋት ሳጥኑን አሰናዳች። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፣ አቡጀዲ አነጠፈች፣ ጧፎቹን ደረደረች፣ ክዳኑን ልትገጥም ስትል እጇን ያዝ አደረገች። የሚያብረቀርቁት ከታች ናቸው። አመዳይ ያወጡት ሰባቱ ከላይ ናቸው። እንዲህ አድርጋ መደርደሯን ልብ ያለችው አሁን ነው። እንደገና ለመደርደር ጊዜ ነበራት። ክዳኑን ገጠመችው።

የዚያ ወር ማኅበር ተራ የመቅዲ ነበር። መቅዲ ከማኅበርተኞቹ ሁሉ ታናሽ ናት፤ ሮቤ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ በየቀኑ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ወደ ማኅበሩ የገባችው እናቷ ሲያርፉ በእናቷ ቦታ ነው። ሴቶቹ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ በሳሎኑ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ እማማ እኅተማርያም መሐል ወንበር ላይ ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

ጤቤ ሳጥኑን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጣ ወደ ጥጓ ተመለሰች።

እማማ እኅተማርያም ክዳኑን ከፈቱ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የላይኛውን ጧፍ አንሥተው አውራ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርገው አሳለፉበት። ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ስስ ነጭ ነገር ነበረበት።

«ከርሟል» አሉ።

«እማማ፣ ከሥር ያለውን ይዩ» አለች ጤቤ።

ድምጿ ከአጠገቧ ከተቀመጠችው ከገላኔ አላለፈም። ገላኔ የጨዋታ ሰው ናት፤ ማኅበሩ ላይ ስትናገር ሁሉም ለመሳቅ ይሰናዳል። አሁን ግን ዞራ አየቻት።

«ምን አልሽ?»

«ከሥር ያለውን ይዩት። ከላይ ያሉትን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው።»

ይህን ሁሉም ሰማ። ከጤቤ አፍ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሰምተው አያውቁም። እማማ እኅተማርያም እጃቸውን በአቡጀዲው ሥር አስገብተው ከታች አንድ ጧፍ አወጡና አበሱት። ጣታቸው ላይ ምንም አልቀረም።

«ጥር ላይ አዲሱ ቤት ቆርቆሮ ሥር አስቀምጬው ለሰለሰ» አለች ጤቤ። «በውኃ ነው ያቃናሁት። አራቱ ጠፍተዋል።»

«ጎባ ላይ?» አሉ ሁለት ሴቶች አንድ ላይ።

«እንዲህ የሚሞቅ ቤት ካለሽ» አለች ገላኔ፣ «የጥሩን ማኅበር ለምን እኔ ቤት በብርድ ስንቆራመድ ዋልን?»

ሳቁ ትንሽ ዞረ። እማማ እኅተማርያም አልሳቁም። ሁለቱን ጧፎች ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዙ።

«ሳጥኑ ሲከፈት ቀለም ሸተተኝ» አሉ። «የቤት ቀለም። ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አልደከመም። ልጅሽ ቤት ሠራ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ገብቶኝ ነው ከርሟል ያልኩት።»

ጤቤ መሬት መሬት ታያለች።

«አንቺን ልሸፍን ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በበዓል ዋዜማ ዋሸሁ። አንቺ ደግሞ እዚያው ላይ አጋለጥሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅር ያልኩሽ አስቀድሜ ነው እንጂ። አሁንማ እኔን ይቅር የሚል ሰው ልፈልግ።» ጧፎቹን ወደ ሳጥኑ መለሱ። «ጧፉ ይበራል። ሰሙ ንጹሕ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት አመዳይ አትቆጥርም። ሳጥኑ ግን ቤት ይቀይራል።»

«ለአንድ ወር ስሕተት፣ ያን ሁሉ ዓመት ይዛው?» አለች ገላኔ፤ አሁን እየቀለደች አልነበረም። «እማማ፣ ይቅርላት።»

መልሱን የሰጠችው ጤቤ ናት። «ለወለተ ማርያምም አልቀረላትም» አለች።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የሃያ ሦስቱ ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በሳጥኑ ክዳን ላይ ተበተነ። ዕጣው ለመቅዲ ወጣ።

«እኔ?» አለች መቅዲ። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ሮቤ ነኝ። ቤት ሰው የለም።»

«ሳጥን ሞግዚት አይፈልግም» አሏት እማማ እኅተማርያም። «ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚፈልገው።»

በማግስቱ፣ በንግሡ ቀን፣ ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ሃያ አራቱም ሴቶች ጧፍ አብርተው ተከተሉ። የቀኑ ነፋስ ቀላል ነበር። የጤቤ ጧፍ ከሥር ከነበሩት አንዱ ነው፤ ራሷ ለይታ ያነሣችው ነው። ከአምናው ይልቅ ይንጠባጠብ እንደሆነ እያየችው ዞረች። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ጠብታ አውራ ጣቷ ላይ ወርዶ ረጋ። እስኪጨርሱ አልጠረገችውም።

ሳጥኑ ከሄደ በኋላ ለደራራ ነገረችው። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና ኮርኒሱን በዚሁ ወር አሠራለሁ አላት። «ለማን ብለህ?» አለችው።

መጋቢት አንድ ቀን ጠዋት እጇን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ማድረቂያውን ጨርቅ ስታነሣ ትዝ አላት። ጨርቁን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችውና ጓሮ ወጥታ ጎመን ቀነጠሰች።

በዚያው ሳምንት እሑድ መቅዲ ደወለች።

«እትዬ ጤቤ፣ ደኅና ነዎት? ስለ ሳጥኑ ነበር። ለጊዜው ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አድርጌዋለሁ። እዚያ ይሁን?»

«ወጥ ቤት?»

«አሁን እኮ ባዶ ነው።»

«እንጨቱም ሽታ ይወስዳል። የሽንኩርት ሽታ ከያዘ ለግንቦቱ ጧፍ ያስተላልፍበታል። አውጪው። እመጣለሁ።»

ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጠብቃ ሄደች፤ ቤት የሚታወቀው በሙቀቱ ሰዓት ነው። መቅዲ ቡና ላፍላ አለች፤ ጤቤ መጀመሪያ ቤቱን ልየው አለቻት። ከክፍል ወደ ክፍል እየገባች መዳፏን ግድግዳው ላይ እያሳረፈች ቆየች። መቅዲ ስልኳን ይዛ ከኋላዋ እየተከተለች ትጽፋለች።

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?»

«ምድጃው ነው።»

«ይህ አይሆንም። ይህ መስኮት ፀሐይ የሚገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ መሰለኝ። ሥራ ላይ ስለሆንኩ አይቼ አላውቅም።»

«አልጋው ላይ ያለው አንሶላ በዚህ በኩል ነጥቷል። ይገባል ማለት ነው።»

መቅዲ አንሶላውን አየች፤ ከዚያ ጤቤን አየች። የመጨረሻው ክፍል የእናቷ ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ሰው አይተኛበትም። ጤቤ የኋላውን ግድግዳ ነካች። እጇን አላነሣችም። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች፤ ጥጉ ላይ ወለሉ የተሰነጠቀበትን ቦታ በጣቷ መረመረች።

«ይህን በሲሚንቶ አስደፍኚው፤ የአይጥ መንገድ ነው። ከዚያ ከአራቱም ማዕዘን ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊና ሳጥኑን እዚህ። አልጋው ላይ ሰው ባይተኛበት ይሻላል።»

«ማንም አይተኛበትም።» መቅዲ መጻፏን አቆመች። «እትዬ፣ ወር በገባ ቁጥር እርስዎ እየመጡ ቢያዩት አይሻልም? እኔ ከማበላሸው።»

ጤቤ ወደ ታች አየች። ከሳሎን ያመጡት ሳጥን እግራቸው ሥር ተቀምጧል፤ አንዱ ጎኑ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መጎተት ተፍቆ ልስልስ ብሏል፤ ልክ የእሷ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

«ዕጣው ለአንቺ ነው የወጣው» አለች። «አንቺ ነሽ የምትከፍቺው። እኔ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

መቅዲ በርከክ ብላ ክዳኑን ልትይዝ ስትል፣ ጤቤ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። በቀዝቃዛው።»